ረጅሙ የኖርዌይ ቃል ከጫፉ ይፈታል

ኖርዌይ ውስጥ ትንሽ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቃል ሳያጋጥመው አይቀርም፦ «ባርነሃገፕላስ»። በላቲን ፊደል 14 ሆሄ ነው፤ መሐሉ ክፍተት የለም። ለአዲስ ሰው ያስጨንቃል። እንደ ሹሩባ ከጫፉ ከጀመሩት ግን በቀላሉ ይፈታል።

ጫፉ ላይ ያለው «ፕላስ» ቦታ ማለት ነው። የምን ቦታ? የ«ባርነሃገ»። እሱም ሁለት ነው፤ «ባርን» ልጅ፣ «ሃገ» የአትክልት ስፍራ። የልጆች አትክልት ስፍራ የሚሉት እኛ መዋዕለ ሕፃናት የምንለውን ነው። ስለዚህ ቃሉ በመዋዕለ ሕፃናት የሚያዝ የልጅ ቦታ ነው።

በኖርዌጅኛ ጥምር ቃል አባወራው መጨረሻ ይቀመጣል፤ «ትምህርት ቤት» ስንል ዋናው ቤት እንደሆነው ሁሉ። ፆታውንም የሚወስነው እሱ ነው። «ባርን» ብቻውን ግዑዝ ፆታ አለው፤ «ሃገ» ሲከተለው ግን ጥምሩ የ«ሃገ»ን ተባዕታይ ፆታ ይይዛል።

በ«ባርን» እና በ«ሃገ» መካከል የገባችው «ኤ» ማያያዣ ናት። «መዋዕል» ወደ ሕፃናት ሲጠጋ «መዋዕለ» እንደሚሆነው ማለት ነው። አንዳንዱ ቃል ማያያዣ አይፈልግም፤ «ፉት» (እግር) እና «ባል» (ኳስ) ሲገናኙ «ፉትባል» ይሆናሉ። ሌላው «ኤስ» ይጨምራል። ለዚህ ሁሌም የሚሠራ ሕግ የለም፤ አንድ የሚያምር ልማድ ግን አለ። የወይን ብርጭቆ «ቪንግላስ» ነው፤ የቀይ ወይን ብርጭቆ ሲሆን «ሮቪንስግላስ» ይባላል። «ኤስ»ዋ ከየት መጣች? የፊተኛው ክፍል ራሱ ጥምር ሲሆን ብዙ ጊዜ እሷ ትገባለች። «ቀይ ወይን እዚህ ላይ አበቃ፣ አሁን ብርጭቆው ሊመጣ ነው» እያለች ለአንባቢው ወሰን ታሳያለች። እኔ ከዚህ ቋንቋ ሥርዓት በጣም የምወደው ይህንን ነው።

ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲቆረጥም የሚታየው ይኸው ስፌት ነው። በተራ ቃል በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለች ብቸኛ ተነባቢ ወደ ቀጣዩ ክፍለ ቃል ትሻገራለች። ጥምር ቃል ግን በመጋጠሚያው ይከፈላል፤ ማያያዣዋም ከፊተኛው ጋር ትቀራለች፦ «ባርነ-ሃገ»። የቤት ባለቤት «ሁስ-አይየር» ነው። «ሁ-ሳይየር» ተብሎ ቢቆረጥ «ሳይየር» ድል ማለት ስለሆነ አንባቢው ይደናገራል።

«ናት» (ሌሊት) በሁለት «ቴ» ያበቃል፤ «ቶግ» (ባቡር) በአንድ ይጀምራል። ሲጋጠሙ ሦስት «ቴ» እንዳይደረደር አንዱ ይወድቃል። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ከተቆረጠ ግን የወደቀው ፊደል ወደ ቦታው ይመለሳል።

አብዝቶ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሲጽፉ ነው። «ላመሎር» ተያይዞ ሲጻፍ የጠቦት ታፋ ነው፤ «ላመ ሎር» ተብሎ ሲለያይ ሽባ የሆኑ ታፋዎች ይሆናል። የአገሩ ተወላጆችም በዚህ ስለሚሳሳቱ መምህራን አጥብቀው ያርሙታል።

ከመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ሲመጣላችሁ እርሳስ ያዙና በየመጋጠሚያው ላይ መስመር ጣሉ። ሙሉው ቃል ከመዝገበ ቃላት ቢጠፋ መጀመሪያ የመጨረሻውን ክፍል ፈልጉ።