ጨው በኮምፒውተር ውኃ ውስጥ ሲሟሟ

የገበታ ጨው በውኃ ሲሟሟ ኮምፒውተር ላይ ማስመሰል ሲጀምሩት ቀላል ነው። 1000 የውኃ ሞለኪውሎች፣ 18 ሶዲየምና 18 ክሎራይድ አዮኖች አንድ ምናባዊ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ በኪሎ ውኃ 1 ሞል ጨው ገደማ ማለት ነው። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ አቶም ላይ የሚያርፈውን ጉልበት አስልቶ በኒውተን ሕግ መሠረት 2 ፌምቶሰከንድ ወደፊት ያራምደዋል፤ እንደገና ያሰላል። አንዲት ናኖሰከንድ ለማየት 500,000 ዙር ያስፈልጋል።

ጣጣው ያለው ቻርጁ ላይ ነው። ሶዲየም +1፣ ክሎራይድ −1 መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እውነተኛ ውኃ ግን የአዮኖቹን መሳሳብ የሚያለዝበው ሞለኪውሎቹ ፊታቸውን ስለሚያዞሩ ብቻ አይደለም፤ የኤሌክትሮኖቻቸው ሥርጭትም ስለሚለወጥ ነው። እንደ ኤስፒሲ/ኢ ያሉት የተለመዱ የውኃ ሞዴሎች ቻርጃቸው ቋሚ በመሆኑ ይህን ሁለተኛውን አያውቁም። ስለዚህ አዮኖቹ ከልክ በላይ ይሳሳባሉ፤ ብዙ ጊዜም ገና መሟሟት በሚገባቸው መጠን ላይ ተሰባስበው ይጓጉላሉ። እውነተኛው ውኃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በኪሎ 360 ግራም ያህል ጨው ያሟሟል።

ማድሪድ-2019 የተባለው ሞዴል መፍትሔው ደፋር ነው፦ የአዮኖቹን ቻርጅ ወደ 0.85 ዝቅ አደረገው። የኬሚስትሪ መምህር ቢያይ ይቆጣ ይሆናል። እኔ ግን የጨው ውኃውን ዝልግልግነት ወይም የአዮኖቹን ስርጭት ለሚያጠና ሰው እመርጠዋለሁ። አዮን ከባዶ ሥፍራ ወደ ውኃ ሲገባ የሚለቀቀውን ኢነርጂ ለማስላት ግን በቀጥታ አይሆንም፤ የተቀነሰው ቻርጅ ቁጥሩን ያሳንሰዋል።