የሸክላ ሠሪዋን ጓሮ መቆፈር

ሁሩታ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ አርሲ ደጋ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ትገኛለች። በእሷም ሆነ በታች በአዳማ ጀበናና ምጣድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ዕቃው በምን እሳት እንደተተኮሰና የማን እጅ እንዳበጀው የሚመረምረው የአርኪዮሎጂ ዘርፍ ግን በአገራችን ብዙ ሰው ያልገባበት ነው።

ሌላው ዓለም በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በጥንታዊቷ ኑቢያ፣ በፋራስና በአሮጌዋ ዶንጎላ፣ የተገነቡ የሸክላ መተኮሻ ምድጃዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። በእንግሊዟ ስቶክ ኦን ትሬንት ጠርሙስ የሚመስሉት ግዙፍ ምድጃዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ምድጃ ከተገኘ ስንት ዕቃ በአንድ ጊዜ ይተኮስ እንደነበር፣ እሳቱ ከየት ገብቶ በየት እንደወጣ፣ ሠራተኛው የት ቆሞ ማገዶ እንደጨመረ መናገር ይቻላል። የኛ ሸክላ ሠሪዎች ግን በአብዛኛው ምድጃ አይገነቡም። ዕቃው በደንብ ከደረቀ በኋላ በሜዳ ወይም ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ይደረደራል፤ እንጨት፣ ኩበትና ገለባ ይለብሳል፤ ይለኮሳል። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሥራውም በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ቦታው ላይ የሚቀረው አመድ፣ የቀላ አፈርና በእሳቱ የተሰነጠቀ ገል ነው። አመዱን ዝናብ ያጥበዋል፣ አፈሩን ማረሻ ይገለብጠዋል።

ገሉ ግን አይጠፋም። ሲሰበር መሐሉ ጥቁር ሆኖ ከታየ፣ በጭቃው ውስጥ የነበረው ጭድና ሥራሥር ነድዶ ሳያልቅ እሳቱ መብረዱን ያሳያል። በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጭቃው ጋር የተቀላቀለው አሸዋ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ይለያል፤ ይህም ጭቃው ከየት እንደተቆፈረ ለማወቅ ይረዳል። የዕቃው ዓይነትም ራሱ ዘመን ጠቋሚ ነው። በክርስቲያኑ ደጋ ቡና መጠጣት የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያ አገር የጀበና አንገት የወጣበት አፈር ብዙ ዕድሜ እንደሌለው ይገመታል። የምጣድ ስብርባሪም የጋገራን ታሪክ ለመከታተል ያገለግላል፤ ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ምጣድን ከእህሎቻችን አመጣጥ ጋር አያይዘው መርምረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዕውቀት የመጣው በሕይወት ካሉ ሸክላ ሠሪዎች ነው። ተመራማሪው ጆን አርተር በጋሞ ደጋ መንደሮች በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ እያገላበጠ አጠና። የሚፈላው ጠላ አሲድ የጋኑን ውስጠኛ ገጽ እንደሚልጠው፣ ጠላ አዘውትሮ የሚጠምቀውም እህል የተረፈው ቤት እንደሆነ አስተዋለ። በዚህ መንገድ ከተጣለ ገል ላይ ሀብትንና ማዕረግን ማንበብ ተቻለ! ለእኔ ከዚህ የሚልቅ ግኝት በዘርፉ የለም። ቡላ ዋዬሳ በወለጋ የኦሮሞ ሸክላ ሠሪዎችን የአሠራር ስልት፣ ላየንስ ደግሞ በትግራይ ሠሪዎቹ የሚኖሩበትን ቦታ ተከትለዋል።

የቦታው ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ሸክላ በብዙ የአገራችን ክፍል የሴቶች ሥራ ነው፤ ሠሪዋ ከነቤተሰቧ «ቡዳ» ተብላ ስትፈራና ስትናቅ ኖራለች። በብዙ ቦታ ከሌላው ጋር ጋብቻ ተነፍጓት፣ መሬትም ሳይኖራት ከመንደሩ ዳር ተገፍታለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ከሥሩ አልተነቀለም። ቁፋሮውም በአመዛኙ ሐውልትን፣ ቤተ ክርስቲያንንና ቤተ መንግሥትን ተከትሎ ስለሄደ፣ እንስራውንና ጋኑን ለነዚያ ቤቶች ያቀረበችው ሴት ቤት ሳይነካ ቀርቷል። ይህ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ሙያው ራሱም እየሳሳ ነው። በጎንደር አጠገብ ወለቃ፣ ቤተ እስራኤላውያኑ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ ብዙ የሙያ እጅ አብሯቸው ሄደ። በአዲስ አበባ ቀጨኔ ሴቶች ዛሬም ይተኩሳሉ። ውኃ ከምንጭ የሚያመጣውን እንስራ ግን ጀሪካን ተክቶታል፤ ድስቱንም አሉሚኒየም።

ለዚህ ነው የስምጥ ሸለቆው ከተሞች ሥራ አሁን መጀመር ያለበት። አሰላ ላለው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሁሩታ ሩቅ አይደለችም። ተማሪዎች ከአካባቢው አረጋውያን ሸክላ ሠሪዎች ጋር ሆነው የጭቃ ጉድጓዱን፣ የመተኮሻውን ሜዳና የተሰበረው የሚጣልበትን ጓሮ በካርታ ላይ ቢያሰፍሩ፣ ነገ ቆፋሪው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።