እባካችሁ ጫማ እሳት አታሙቁ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ ጫማ ነው። «ጫማ ደግሞ ምን ወሬ አለው? ሊስትሮ ሞልቶ!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም እንደ እናንተው ስል ነው የኖርኩት፤ የታላቅ ወንድሜን ቡትስ በአንድ ሌሊት አበላሽቼ ዓይኑን ማየት እስካፍር ድረስ።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ወንድሜ፣ እኔ «ጋሼ» ነው የምለው፣ ያኔ በደቡብ ጎንደር የግብርና ባለሙያ ነበር። ቤቱ ደብረ ታቦር ነው፤ ሥራው ግን ጉና ተራራ ሥር ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። በእግር ሲባል ደግሞ እንደኛ ከፒያሳ አራት ኪሎ እንዳይመስላችሁ! የገብስና የድንች ማሳ እያቋረጡ፣ ጅረት እየተሻገሩ፣ በጭቃ ሽቅብ ቁልቁል ማለት ነው።

እኔ ከአዲስ አበባ የሄድኩት ጋሼን ልጠይቅ ቢሆንም፣ እውነቱን ልናገርና ልቤ ያለው ጉና ላይ ነበር። ጓደኞቼ ሰሜን ተራሮች ሄደው የተነሡትን ፎቶ እያሳዩ አድርቀውኛል። እኔስ ከማን አንሳለሁ? ጉናም እኮ ከባሕር ወለል 4,100 ሜትር የሚያልፍ ተራራ ነው። ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራም ከእሱ ነው የሚነሡት። ጫፉ ላይ ወጥቼ አንድ ፎቶ ብነሣ አፋቸውን አዘጋለሁ ብዬ ነው።

አርብ ዕለት ጋሼ ጋፋትን አሳየኝ። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ያስቀለጡት ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች ቦታ ነው። ያን የሚያህል ብረት ከዚያ ተነሥቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደል እየወረደ ዳገት እየወጣ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ገባ። «ጋሼ፣ ከጎተተው ሰው ስንቱ ጫማ ነበረው?» አልኩት። «ጫማ የነበረው መድፉን ያቀለጠው ፈረንጅ ብቻ ሳይሆን አይቀርም» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ወደ እግሬ አየት አደረገ። ነጭ ሸራ ጫማ ነው ያደረግኩት። «አንተ በዚህ ነው ጉና የምትወጣው?»

ቤት እንደደረስን ከአልጋው ሥር ቡናማ ቡትስ አወጣልኝ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ወፍራም የላም ቆዳ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው። ሰልባጅ ነው፤ ነገር ግን የደመወዙን ግማሽ ከፍሎበታል። ለእሱ ጫማ ማለት ፋሽን አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው። ገበሬውንም ቢሆን «ማዳበሪያው ይቆይ፣ መጀመሪያ ለልጅህ ጫማ ግዛ» ይላል። ምክንያት አለው። በደጋው አገር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ እያበጠ የዝሆን እግር የሚያክልበት በሽታ አለ። ብዙዎች እርግማን ወይም ተላላፊ እየመሰላቸው በሽተኛውን ያገሉታል። በሽታው ግን አይተላለፍም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣው ደቃቅ አፈር በቆዳ ሰርጎ እየገባ የሚያመጣው ነው። እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል። ጋሼ ይህን ሲያወራ እኔ መስተዋት ፊት ቆሜ ቡትሱ ከጂንሴ ጋር ሄደ አልሄደም እያየሁ ነበር።

«እንዳታበላሽብኝ» አለኝ። «ሰኞ ሥራ አለኝ።»

ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ ክምር ድንጋይ፣ ከዚያ በእግር። አወጣጡን አላወራችሁም፤ ትንፋሼ ስንቴ እንደተቆረጠ እኔና አምላኬ እናውቃለን። ከላይ ጓሳውና ጅብራው መሐል ቆሜ ፎቶዬን ተነሣሁ። ቡትሱን ለብቻው ሁሉ አንሥቼዋለሁ! ስንወርድ ግን ዝናቡ ወረደብን። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። መጨረሻ ላይ አንዱን ጅረት ዘልላለሁ ብዬ መሐሉ ገባሁ፤ ቡትሱ በአፉ ውሃ ጠጣ።

መሸብንና ከመንገድ መሪያችን ዘመዶች ቤት አደርን። የቤቱ እመቤት እንደ አገሩ ወግ በሙቅ ውሃ እግሬን ካላጠብኩ አሉ፤ እኔ በሐፍረት፣ እሳቸው በግድ። ጠላ መጣ፣ ድንች ተቀቀለ፣ ኩበቱ እሳት ተንቦገቦገ። እኔም ብልጥ ነኝ፣ የቡትሱን ክር ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ቡትሱን ከምድጃው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አስቀመጥኩት። አባወራው ሽማግሌ ዓይተው «ልጄ፣ ቆዳ ከእሳት አይስማማም፤ ራቅ አድርገው» አሉኝ። የሳቸው ቁርበት ከግድግዳው ጥግ ነው የተነጠፈው። እኔ ግን «ግድ የለም አባቴ፣ እስኪነጋ ይድረቅ ብዬ ነው» አልኩ። ከከተማ የመጣ ሰው ምን ይነገረዋል!

ሲነጋ ደርቋል። አዎ፣ እንደ ቋንጣ ደርቋል። አፍንጫው ወደ ላይ ተቆልምሟል፣ ጣት በሚታጠፍበት በኩል ቆዳው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፣ የግራው ሶል ከፊት ለፊት ተላቆ አፉን ከፍቷል። እግሬን ለማስገባት የታገልኩትን ትግል አትጠይቁኝ።

ጋሼ ሲያየው ምንም አላለም። ገለባበጠው፣ ከበሩ ሥር አስቀመጠው፣ ወደ ጓዳ ገባ። ሰኞ ጠዋት ኮንጎ ጫማውን አድርጎ በዝናብ ወጣ። ማታ ሲመለስ ሁለቱም ተረከዙ ተልጧል። ሚስቱ የሞቀ ውሃ በጨው አቀረበችለት፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ቢሰድበኝ እንዴት በተሻለኝ!

ማክሰኞ ቡትሱን በፌስታል ይዤ ጫማ ሰፊ ፍለጋ ወጣሁ። መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥረው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ተቀበሉኝና አሸተቱት። አዎ፣ አሸተቱት!

«እሳት አሙቀኸዋል» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ አባቴ?»

«ቆዳ ይናገራል። ውሃ የነካው ቆዳ ሌላ ነው፣ እሳት የነካው ሌላ ነው። ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናድነው ነበር።»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር ልናገር። ይህን የመሰለውን ባለሙያ ነው አገራችን «ፋቂ» እያለች ስትሰድብ የኖረችው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። ሰውየውን እየሰደብን በሥራው ላይ ቆመን እንሄዳለን፤ ወይ ጉድ!

እኚህ ሽማግሌ ወስፌያቸውን እየሳሉ ያስተማሩኝን፣ በኋላም ራሴ እየሞከርኩ ያረጋገጥኩትን ነው የምነግራችሁ። ቆዳ ማለት እርስ በርሱ የተጠላለፈ የጥቃቅን ክር ክምር ነው። ክሮቹ መሐል ያለው ቅባት ነው እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው። ቆዳው ረጥቦ ሳለ ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ክሮቹ ይኮማተራሉ፣ ቅባቱም ይለቃል። ደረቅ ቆዳ የሚችለውን ሙቀት እርጥብ ቆዳ አይችለውም። ሶሉ የተያያዘበት ማስቲሽም ሲሞቅ ይላላል። ስለዚህ ምድጃ ብቻ ሳይሆን ከሰል፣ ስቶቭ፣ የቀትር ፀሐይ፣ የፀጉር ማድረቂያ ሁሉ ያው ናቸው።

ታዲያ እንዴት ይድረቅ? እንደዋዛ፣ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ። አንድ ቀን ካልበቃው ሁለት ቀን። ክሩን ፈትታችሁ፣ ምላሱን ወደፊት ስባችሁ፣ የውስጥ ገበሩን አውጥታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ውስጡን ደግሞ በጋዜጣ ሙሉት፤ ጋዜጣ እርጥበት ይመጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ረጥቦ ታገኙታላችሁ፣ ቀይሩት፣ ደግሞ ቀይሩት። (ይህችን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚህ ብታውሏት አንቀየምም። ሳታነቡ ከሆነ ግን እንጣላለን።)

ከማድረቁ በፊት ማጠቡ አለ። ጭቃውን በቢላ አትፋቁት፤ ቆዳውን ትቧጥጡታላችሁ። ሁለቱን ጫማ እርስ በርስ አጋጭታችሁ የሚረግፈውን አርግፉ፣ የቀረውን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለስፌቱና ለሶሉ ጥርስ መድኃኒት ነው። «ውሃ ጫማ ይጎዳል» ብላችሁ ጭቃውን እንዳለ አታሳድሩት፤ ጭቃ ሲደርቅ ከቆዳው እርጥበት እየመጠጠ ነው የሚደርቀው። ኦሞና በረኪና ወዲያ! ቅባቱን ሙልጭ አድርገው ነው የሚወስዱት። ላብ አድርቆት ነጭ መስመር የሠራበት ካለ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ። ሻጋታም እንዲሁ ነው። ሻጋታ ያወጣው ግን ማን ሆነና? ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ከአልጋ ሥር የከተታችሁት እናንተው!

አሁን ወደ ቅባቱ። እኔ «ቀለም እቀባዋለሁ» ስላቸው ሽማግሌው ሳቁብኝ። የጫማ ቀለም በአብዛኛው ሰምና ማቅለሚያ ነው፤ ላዩን ያበራል እንጂ ብዙም አያለሰልስም። ሊስትሮ ጀለሶቻችን እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ቀለሙን በጋዝ አቅጥነው የሚቀቡም አሉ፤ ያ ደግሞ ጭራሽ ያደርቀዋል። «ቅቤስ?» አልኳቸው፤ አገልግልና አቅማዳ ሲለሰልስ አይቻለሁና። «ቅቤ ይሸታል። ሌሊት አይጥ በልታልህ ታድራለች» አሉኝ። የምግብ ዘይትም ቆይቶ ይሸታል።

የእሳቸው መድኃኒት የንብ ሰምና የበግ ሞራ ነው። አንድ እጅ ሰም፣ ሁለት እጅ ሞራ፣ በቆርቆሮ አድርገው ቆርቆሮውን የፈላ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡታል። ቀጥታ እሳት ላይ አይጥዱትም። ሲቀልጥ አዋሕደው፣ ሲበርድ እንደ ቅባት ይረጋል። የፋርጣ በግ ባለበት አገር ሞራ መቼ ይቸግራል! ከከተማ የምትፈልጉ ደግሞ በሰም የተሠራ የቆዳ ቅባት ሱቅ አለ። የትኛውም ይሁን፣ የሚቀባው ቆዳው ከታጠበ በኋላ ውሃው ጠፍቶ እርጥበቱ ትንሽ ሲቀረው ነው። በጣት፣ በስሱ፣ ስፌቱ ላይ በርታ እያሉ። ማብዛት አይጠቅምም፤ ቆዳው ከመጠን በላይ ይልላል፣ እግርን መያዝ ያቅተዋል። ቀለሙን ስለሚያጠቁረው መጀመሪያ በማይታይ በኩል ሞክሩት። ጸጉራም ገጽ ላለው ቆዳ ግን ይህ ቅባት አይሆንም፤ እሱን በደረቅ ብሩሽ ብቻ።

ሽማግሌው የጋሼን ቡትስ ሦስት ቀን አቆዩት። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አሳደሩት፣ ከዚያ ቅባቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አጠጡት። ሶሉን በማስቲሽ ብቻ አላመኑትም፣ በሰም በታሸ ክር ዙሪያውን ሰፉት። የተሰነጠቀው ላይ ከውስጥ ስስ ቆዳ ለጠፉበት። «የተሰነጠቀ ቆዳ አይገጥምም፤ እንዳይብስ ነው የምናደርገው» አሉኝ። የጠየቁኝ ዋጋ ያሳፍር ነበር፤ ጨምሬ ስሰጣቸው የጨመርኩትን መለሱልኝ። ሂሳቡ ይሄ ነው አሉ፣ በቃ።

ቡትሱን ከጋሼ አልጋ ሥር አስቀምጬ፣ እሱ ሥራ እንዳለ፣ ሚስቱን ተሰናብቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ፈሪ በሉኝ። ደወልኩ፤ «ደህና» ብሎ ዘጋው። ደግሞ ደወልኩ፤ ስልኩን ሚስቱ አነሣችው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው። ልቤ ድው አለ።

«ስማ፣ ጫማውን ላደርገው አውጥቼ ነበር» አለኝ። «ጥሩ ተሠርቷል። የግራው ትንሽ ይጨንቃል እንጂ ይሄዳል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ክሩን የት አባህ አደረግከው?»

ጉና የለበስኩት ጃኬት በሩ ላይ ተሰቅሏል። ተነሥቼ ኪሱ ውስጥ እጄን ከተትኩ።