የልጆቻችሁ የጌም ማሽን ሳይበላሽ “ጊቡይ” አድርጉ

በብዙዎቻችን ቤት ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ጥቁር ወይም ነጭ ሣጥን ተቀምጧል። ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ይባላል፤ ትንሹና በእጅ የሚያዘው ደግሞ ኒንቴንዶ ስዊች። የገዛነው እኛ ነን፤ የኤሌክትሪኩንና የኢንተርኔቱን ሂሳብም የምንከፍለው እኛው ነን። በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቁት ግን ልጆቹ ብቻ ናቸው። ማሽኑ አንድ ቀን አልነሳም ሲልና ልጁ ሲያለቅስ “ጨዋታ እኮ ነው፤ ምን ያስለቅሳል?” እንላለን።

ነገሩ ግን ከጨዋታ በላይ ነው። ልጁ ሁለትና ሦስት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሠራው ሥራ፣ ከጓደኞቹ ጋር ያነሳቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች፣ እኛም በክሬዲት ካርዳችን የከፈልንባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ከዚያ ሣጥን ጋር የተያያዙ ናቸው። አብዛኛውን ማትረፍ ይቻላል። የሚቻለው ግን ማሽኑ ደህና ሳለ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በዕብራይስጥ ይህ ሥራ “ጊቡይ” ይባላል። የመረጃውን ሁለተኛ ቅጂ ሠርቶ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ማለት ነው።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በማሽኑ ውስጥ መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ አለ። በዲስኩ ላይ ሦስት ዓይነት ነገሮች ይገኛሉ።

አንደኛው ጨዋታው ራሱ ነው። ትልቅ ቦታ ይይዛል፤ አንዳንዱ ጨዋታ ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። ይህ ቢጠፋ ብዙም አያስደነግጥም። በሲዲ የተገዛ ከሆነ ከሲዲው እንደገና ይጫናል፤ በኢንተርኔት የተገዛ ከሆነም በተገዛበት አካውንት እንደገና ይወርዳል።

ሁለተኛው ልጆቹ “ሴቭ” የሚሉት ነው። ልጁ እስከ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳገኘ የሚመዘግብ ፋይል ነው። ከጨዋታው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ ከጠፋ ግን በገንዘብ አይገዛም።

ሦስተኛው ልጁ ከጨዋታው ውስጥ ያነሳቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ናቸው።

በአገራችን ገበሬ የሚበላውን እህል በጎተራ ሲያስቀምጥ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ያኖር ነበር። የሚበላው ቢያልቅ ከገበያ ይሸመታል፤ ዘር ያለቀበት ግን ይቸገራል። “ሴቭ” የሚባለው እንደ ዘሩ ነው። ለይቶ ማስቀመጥ የሚገባው እሱ ነው።

ዲስኩን ነቅሎ ኮምፒውተር ላይ መሰካት አይሠራም

ብዙ ሰዎች፣ ጎበዝ የሚባሉ ወጣቶችም ጭምር፣ “ዲስኩን አውጥተን ኮምፒውተር ላይ ሰክተን እንገለብጠዋለን” ይላሉ። በፎቶ ካሜራ ካርድ ይህ ይሠራል። በፕሌይስቴሽን ግን አይሠራም። ማሽኑ በዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ ቆልፎ ነው የሚጽፈው፤ ቁልፉም በዚያው ማሽን ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ሲያይ ምንም ማንበብ ስለማይችል “ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት፤ ላድርገው?” ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ ሁሉም ይጠፋል። ይህን ጥያቄ ካያችሁ “አይ” በሉና ዲስኩን ወደ ቦታው መልሱ።

ትክክለኛው መንገድ ማሽኑ ራሱ በምናሌው (በሜኑው) በኩል መረጃውን ወደ ዲስክ ኦን ኪ እንዲገለብጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ዲስክ ኦን ኪውን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ማስተላለፍ ነው። አሠራሩ እንደ ማሽኑ ዓይነት ስለሚለያይ በመጀመሪያ ልጃችሁን “የእኛ የትኛው ነው?” ብላችሁ ጠይቁት።

ፕሌይስቴሽን 4

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይህ ማሽን በውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ አለው። የሚሽከረከር ዕቃ ደግሞ በጊዜ ብዛት፣ በሙቀትና በመውደቅ ይደክማል። ስለዚህ ጊቡይ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ የቆየ ማሽን ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ደግነቱ ለመገልበጥም ቀላል ነው፤ ክፍያም የለውም።

ዲስክ ኦን ኪውን ማሽኑ ላይ ሰኩ። ዲስክ ኦን ኪው “ፋት 32” ወይም “ኤክስፋት” በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ መሆን አለበት። ልጁ “ሴቲንግስ” ውስጥ ይገባል። “አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት” የሚለውን ይመርጣል። ቀጥሎ በማሽኑ ውስጥ የተቀመጡትን ሴቮች ይከፍትና ወደ ዩ.ኤስ.ቢ. ገልብጥ የሚለውን ይጫናል። የሚፈልጋቸውን ጨዋታዎች ምልክት አድርጎ ይገለብጣል።

ከዚያ ዲስክ ኦን ኪውን ወደ ኮምፒውተር ውሰዱ። በፕሌይስቴሽን 4 ስም የተሠራ ፎልደር ታገኛላችሁ። እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡት። ስሙን አትለውጡ፤ በውስጡ ያሉትንም ፋይሎች አታንቀሳቅሱ። ኮምፒውተሩ ከፍቶ ሊያነባቸው አይችልም፤ እንደ ዕቃ ቤት ሆኖ ይጠብቃቸዋል እንጂ። በሚያስፈልግበት ቀን ያው ፎልደር ወደ ዲስክ ኦን ኪ ይመለስና በልጁ አካውንት ወደ ማሽኑ ይገባል። ፎቶዎቹና ቪዲዮዎቹ ግን በኮምፒውተር ላይ እንደ ማንኛውም ፎቶ ይከፈታሉ።

ማሽኑን በሙሉ መገልበጥ የሚፈልግ በ“ሴቲንግስ” ውስጥ “ሲስተም”፣ ከዚያም “ባክ አፕ ኤንድ ሪስቶር” የሚለውን ያገኛል። ለዚህ ትልቅ ውጫዊ ዲስክ ያስፈልጋል፤ ሰዓታትም ሊወስድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ። ቅጂውን መልሶ ማስገባት በዚያን ጊዜ በማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ነው የሚጀምረው።

ፕሌይስቴሽን 5

በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በዚህ ጉዳይ ጠበቅ ያለ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታዎችን ሴቭ ለብቻ ነጥሎ ወደ ዲስክ ኦን ኪ መገልበጥ አይቻልም። ያሉት ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው “ፕሌይስቴሽን ፕላስ” የሚባለውን ክፍያ ያለበት አገልግሎት መያዝ ነው፤ ሴቮቹ በኢንተርኔት በኩል በኩባንያው ዘንድ ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ማሽኑን በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ሲሆን ይህ ክፍያ የለውም። በዚሁ ማሽን ላይ የሚጫወቷቸው የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎች ሴቭ ግን ለብቻው ወደ ዩ.ኤስ.ቢ. ይገለበጣል።

ኤክስቦክስና ኒንቴንዶ ስዊች

ኤክስቦክስ ዋን እና ከዚያ በኋላ የወጡት ኤክስቦክሶች ለወላጅ ቀላል ናቸው። ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር እስከተገናኘ ድረስ ሴቮቹን ራሱ ያለ ክፍያ ወደ ኩባንያው ማከማቻ ይልካል። ያለ ኢንተርኔት የተጫወተ ልጅ ሴቭ ግን ግንኙነቱ እስኪመለስ ድረስ በሣጥኑ ውስጥ ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ማሽኑ ወደ ጥገና ከመሄዱ በፊት ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁ ትንሽ አቆዩት።

በኒንቴንዶ ስዊች ብዙዎችን የሚያሳስተው ትንሿ ካርድ ናት። “ካርዱን አውጥቼ ስላስቀመጥኩ ሁሉም አለ” ይላሉ። ካርዱ ጨዋታዎችንና ፎቶዎችን ይይዛል፤ ሴቩ ግን ሁልጊዜ በማሽኑ ውስጥ ነው፤ ወደ ኮምፒውተርም አይገለበጥም። ፎቶዎችና ቪዲዮዎች በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይሄዳሉ። ለሴቩ ያለው መንገድ የኒንቴንዶን የክፍያ አገልግሎት መያዝ ነው፤ እሱም አንዳንድ ጨዋታዎችን አይሸፍንም። አዲስ ስዊች ከተገዛ ሴቩን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር ይቻላል፤ አሮጌው ግን የሚሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ አሮጌውን ከመሸጣችሁ በፊት አዛውሩ።

የሠርጉ ቪዲዮ ያለበትን ዲስክ አትስጡ

ይህን ወላጆች ሁሉ ልብ በሉ። ልጁ “ቦታ አለቀብኝ፤ ዲስክ ስጡኝ” ብሎ ቢጠይቅ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሠርግ ወይም የባር ሚጽቫ ቪዲዮ ያለበትን ውጫዊ ዲስክ አንስታችሁ አትስጡት። ፕሌይስቴሽን አንድን ዲስክ ለጨዋታ ማከማቻ ሲያደርግ በመጀመሪያ በላዩ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ለመጫወት የቸኮለ ልጅ ግን ሳያነብ “እሺ” ይላል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ደግሞም ለጨዋታ ማከማቻ የተደረገ ዲስክ ጊቡይ አይደለም። በፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎቹ ወደ ውጫዊው ዲስክ ቢዛወሩም ሴቮቹ በዋናው ማሽን ውስጥ ነው የሚቀሩት።

ወደ ጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት

በእስራኤል በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግና በእሱ ሥር የወጡት ደንቦች፣ ዋጋው ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ አዲስ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የአንድ ዓመት ዋስትና (አሃራዩት) እንዲሰጥ ያስገድዳሉ። ስለዚህ ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን አትጣሉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሷቸው። ነገር ግን ዋስትናው ብዙውን ጊዜ ዕቃውን እንጂ በውስጡ ያለውን መረጃ አይመለከትም። ማሽኑ ተጠግኖ ሲመጣ፣ ወይም በሌላ ሲተካ፣ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ከተለወጠም አዲሱ ዲስክ ባዶውን ነው የሚመጣው። ይህ የጠጋኙ ተንኮል አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው።

ጥገና ቤት ስትገቡ “ሃኢም ሃሜይዳ ይማሔክ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ “መረጃው ይጠፋል ወይ?” ማለት ነው። “ኢፑስ” የሚል ቃል ከሰማችሁ ማሽኑን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መመለስ፣ ማለትም ሁሉን ማጥፋት ማለት ነው። “ቆዩ፤ መጀመሪያ ጊቡይ ይደረግ” በሉ። ምን እንደሚሠራና ስንት ሸቀል እንደሚያስከፍል በጽሑፍ ተቀበሉ።

ልትሸጡት ወይም ለዘመድ ልትሰጡት ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ጊቡይ ይደረጋል። ቀጥሎ ቅጂው በኮምፒውተሩ ላይ መኖሩ በዓይን ይታያል። ከዚያ የክሬዲት ካርዱ ቁጥር ከአካውንቱ ይነሳል፤ ልጁም ከአካውንቱ ይወጣል። ኢፑስ የሚደረገው በመጨረሻ ነው። ይህ ካልተደረገ የገዛው ሰው በእናንተ ካርድ ጨዋታ ሊሸምት ይችላል።

አካውንቱ በማን ስም ነው?

ከሁሉ በላይ ልትጠይቁ የሚገባው ይህንን ነው። በኢንተርኔት የተገዛ ጨዋታ የሚመዘገበው በአካውንት ላይ ነው፤ ማሽኑ ቢቃጠልም አካውንቱ ካለ ጨዋታው አለ። የጠፋ ሴቭ እንኳ ቅጂው ካለ የሚመለሰው በዚያው አካውንት ነው። አካውንቱ የተከፈተው ግን ብዙ ጊዜ ልጁ በአሥር ዓመቱ በሠራው ኢሜይል፣ አሁን በማይሠራ የስልክ ቁጥር ነው። የይለፍ ቃሉን (ሲስማውን) የሚያስታውስ የለም። ታላቁ ልጅ ወደ ሠራዊት ሲሄድና ማሽኑ ለታናሹ ሲተላለፍ ችግሩ ይወጣል።

ስለዚህ የኢሜይሉን አድራሻ፣ የአካውንቱን ስምና የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ ከሌሎች የቤት ሰነዶች ጋር አስቀምጡ። የስልክ ቁጥሩ የተለወጠ ከሆነ በአካውንቱ ላይ እንዲታደስ አድርጉ። ወረቀቱን ለማንም አታሳዩ፤ ስልክ ደውሎ የይለፍ ቃል ለሚጠይቃችሁም አትንገሩ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ልጁ እጁን ይሠራል፤ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሰንበት ከወጣ በኋላ ማታ፣ እነዚህን አራት ጥያቄዎች አቅርቡለት፦

ሴቭህ አሁን የት ነው ያለው፤ በማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ?

መጨረሻ ጊቡይ ያደረግኸው መቼ ነው?

ቅጂው በኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን አሳየኝ።

አካውንቱ የተከፈተው በየትኛው ኢሜይል ነው?

ለአራቱም መልስ ካለው ምስጋና ይገባዋል። ከሌለው ደግሞ ማሽኑ ገና እየሠራ ነውና ሥራውን በዚያው ማታ ጀምሩ። ከዚያም በየሁለትና ሦስት ወሩ፣ ማሽኑ ወደ ጥገና ወይም ወደ ሌላ ቤት ከመሄዱ በፊትም ሁልጊዜ፣ ድገሙት።