ኤልያስ መጀመሪያ በላ

ከቤተ ክርስቲያን ተልከው የተጎዳ ሰው ሊጠይቁ የሚሄዱ ወጣቶች ብዙ ጊዜ «ሲስተር፣ የትኛውን ጥቅስ ይዘን እንሂድ?» ይሉኛል። በጌዴኦ ዞን ጤና ጣቢያዎች የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ያደግሁትም ወንጌላዊ አማኝ በሆነ ቤት ነው። ቃሉን አልንቅም፣ እኔንም ያቆመኝ እሱ ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቃቸው «የሚበላ ምን ይዛችኋል? ምን ያህልስ ትቆያላችሁ?» ብዬ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ባንኮ ጎቲቲ ነው። ከጉጂ ጋር በሚዋሰነው በጌዴብ ወረዳ ያለ፣ በቡናው የታወቀ ቀበሌ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ቆይቶም ሰኔ አካባቢ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው የተጠለለው ጌዴኦ ውስጥ ነበር። በ2011 መጋቢት ጎቲቲ በተፈናቃይ ተጨናንቆ ነበር። ሸራ የደረሰው በሸራ፣ ያልደረሰው በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ያድር ነበር።

የሕፃናቱን ክንድ በመለኪያ እንለካ ነበር። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ መለኪያው ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ያ ልጅ ቀን የሚሰጠው አይደለም። አንዲት እናት የልጇን ክንድ ቀዩ ላይ ስታይ «ጌታ ያውቃል» አለች፤ አፏ ይናገራል እንጂ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ባሏ የት እንደገባ አታውቅም። ጠዋት አንድ ጠያቂ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት አስተምሯት ሄዷል። ከሰዓት በኋላ አንዲት የጎቲቲ ባልቴት ቆጮና ጎመን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው መጡ። ምግቡን አጠገቧ አኖሩ፣ ልጁን ከእቅፏ ወሰዱና በጌዴኡፋ «አንቺ ብይና ተኚ» አሏት። በላች። ነጠላዋን ተከናንባ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ተኛች። ስትነቃ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከተፈናቀለች ወዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ በኋላ ነው «ጸልዩልኝ» ያለችው።

ሙያዬ የሚነግረኝም ይህንኑ ነው፤ ያልበላና ያልተኛ ሰው ቃል ሰምቶ መያዝ ይከብደዋል። እምነቱ ስላለቀ ሳይሆን አካሉ ስለደከመ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አልዘነጋም። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ ኤልያስ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚያ በኋላ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት እስከተቀመጡ ድረስ ደህና አጽናኞች ነበሩ፤ መናገር ሲጀምሩ ነው ነገሩ የተበላሸው። በተኛ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ከሰማሁት ሁሉ የከፋው «እምነትሽ ስላነሰ ነው» የሚለው ነው። ያን የተባለች ሴት ከሕመሟ በላይ ጥፋተኝነት ተሸክማ ታድራለች። «ተጸልዮልኛል» ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉና፣ አገልጋዮች ይህን ከመድረክ ላይ በግልጽ እንድትከለክሉ እለምናችኋለሁ።

አባቶቻችን መጽናትን የተማሩት በእንዲህ ዓይነት ወቀሳ አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ ትተው የሄዱት አማኝ መቶ እንኳ የሚሞላ አልነበረም። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ወህኒ ቤቱ ቀለብ ስለማይሰጥ ምእመናኑ ስንቅ እያቀበሉ አኖሯቸው፤ ያን ያየ ጎረቤት «እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ማለት ጀመረ። ወረራው ሲያበቃ አማኙ አሥር ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። ኋላ ወደ ሲዳማና ወደ እኛ ጌዴኦ ወንጌል ይዘው ከመጡት መካከል የዚያች የወላይታ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይገኙበታል።

ባሏ የጠፋባትን ያቺን የጎቲቲ እናት ሳስብ ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ትዝ ይሉኛል። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ። ወይዘሮ ፀሐይም ተሰቃይተው አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ፤ የባለቤታቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቁርጡን ሳያውቁ በእምነታቸው ጸኑ። አለማወቅ ከመርዶ ይብሳል፤ ባል ወይም ልጅ የጠፋባትን ሴት «እርምሽን አውጪ» ብላችሁ አታጣድፏት።

በግንቦት 2011 መጠለያዎቹ ተዘግተው ሰው ወደ ቀዬው ተመለሰ። ብዙው የገባው የተቃጠለ ቤት ውስጥ ነው፤ የእርዳታ መኪናም ጠያቂም የቀነሰው ያኔ ነው። እንደ ነርስ የምፈራው ይህን ጊዜ ነው፤ ሐዘን የሚከብደው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነውና። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ለቅሶ ደርሳችሁ ከዚያ ወዲህ ያልረገጣችሁት ቤት ካለ በዚህ ሳምንት ሂዱ። የሚበላ ያዙ፣ ሐዘንተኛዋን ልጆቿን ተቀበሏት፣ መድኃኒት ካላት ሳታቋርጥ እየወሰደች መሆኑንም ጠይቋት።