ማርሚታው ሰፍቶ ጉልበት ሲጠፋ

ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ እንደ ቱርቦ ያለጥፋቱ የሚወቀስ የለም። ጭስ ሲበዛ «ቱርቦው ሄዷል» ይባላል፤ ዘይት ሲጎድልም «ቱርቦው እየጠጣው ነው»። ባለቤቱ ፋብሪካ የገጠመውን ማርሚታ አስወልቆ ሰፊ ቱቦ ካስበየደ በኋላ መኪናው አልስብ ሲል ደግሞ ቀድሞ የሚፈታው ያው ቱርቦ ነው። በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ ብዙ ጤነኛ ቱርቦ ሲጣል አይቻለሁና ስለ እሱ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ሥራውን ለማያውቅ፦ ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ተርባይኑን ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው መዘውር ንጹሕ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ሐሳቡን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ነው። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ አውጥቶ ሞከረ፤ በስስ አየር ጉልበቱ የወደቀው ሞተር ቱርቦ ሲገጠምለት የባሕር ጠለል ጉልበቱን መልሶ አገኘ። ይህ ሙከራ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አያገኘውም። ቱርቦ ለእኛ ቅንጦት የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማርሚታው። በየጋራዡ የሚነገር አንድ አባባል አለ፦ «ሞተር የኋላ ግፊት ካላገኘ አይጎትትም፤ ቱቦው ሲሰፋ ግፊቱ ጠፋ»። ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጎበዝ ባለሙያዎች ናቸው፤ አባባሉ ግን ለቱርቦ መኪና ስሕተት ነው። ተርባይኑን የሚያዞረው ከፊቱና ከኋላው ባለው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ከመዘውሩ ሥር ያለው ውሃ ካልሄደለት መዘውሩ ይከብደዋል። ከተርባይኑ በኋላ ያለው ቱቦ በሰፋ ቁጥር ተርባይኑ ቀድሞ ይነሣል፣ በርትቶም ይዞራል። እንግዲህ ጉልበት ከጠፋ የጠፋበትን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ተራ ተራው ይታይ። ማርሚታ ሲወልቅ ብዙ ነገር ይነካል። በማኒፎልዱና በቱርቦው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተነቃንቆ ከሆነ ጭሱ ተርባይኑ ጋ ሳይደርስ ያመልጣል፤ ጥቁር የጥላሸት ምልክት ይተዋል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጆሮ ቀረብ ካደረጉ «ጭስ ጭስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ የብየዳ ቀዳዳ ደግሞ በጭሱ ምት መካከል አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሴንሰሩ ይህን የውጭ አየር አይቶ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩም ያለ ምክንያት ነዳጅ ይጨምራል፤ መኪናው ይከብዳል፣ ቤንዚንም ይበላል። ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደው የአየር ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነም ሳሙና ውሃ ቀብቶ ግፊት ሰጥቶ ማየት ነው። ቀዳዳው ከቱቦው የጠበበ ጓርኒሲዮን የገጠመ ሰውም አጋጥሞኛል፤ ሰፊ ቱቦ ገዝቶ በአንድ ክብ ቆርቆሮ ማነቅ በገንዘብ ላይ መጨከን ነው።

ከሁሉ የምወደውና ከሁሉ የሚረሳው ምክንያት ግን ሌላ ነው፦ መኪናው ጉልበት የሚያጣው ጉልበት ስለበዛበት ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጣት ባለ ቤንዚን ቱርቦ መኪናውን ይዞ መጣ። ማርሚታውን አስቀይሯል፤ ገጣሚዎቹም «ቱርቦው ሞቷል» ብለውታል። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምንም አትልም። ሞጆን አልፌ ወደ አዋሽ ስወርድ ነው በኃይል እየሄደች ድንገት አንገቷን የሚይዛት። ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ ደህና ትሆናለች» አለኝ። የሞተ ቱርቦ ቆላ ወርዶ ሞቶ ደጋ ሲወጣ አይነሣም። «ልጄ፣ ቱርቦህን እንዳታስነካ» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተርባይኑ ጎን ዌስትጌት የሚባል ትንሽ በር አለ። የአየሩ ግፊት ከተፈቀደው ሲደርስ በሩ ይከፈትና ጭሱ በከፊል ተርባይኑን ሳይነካ ያልፋል። የበሩን ቀዳዳ ስፋት መሐንዲሱ የለካው ከፋብሪካው ጠባብ ማርሚታ ጋር አስማምቶ ነው። ቱቦው ሲሰፋ ተርባይኑ ስለሚበረታ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶም የሚያሳልፈው አይበቃም፤ የሞተሩ ዙር በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ይወጣል። ኮምፒውተሩ ከገደቡ ማለፉን ሲያይ ሞተሩን ለማዳን ነዳጁን ይቆርጣል ወይም አየሩን ይዘጋል። ነጂው የሚሰማው ይህን ነው።

አዋሽ አካባቢ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይወርዳል። አየሩ ስለሚወፍር በሞተሩ የሚያልፈው ጭስም ይጨምራል፤ የውጭው ግፊት ራሱ ከፍ ስላለ ድምሩ ገደቡን ይመታል። አዲስ አበባ ላይ ስስ አየር ሸፍኖት የነበረው ጉድለት ቆላ ላይ ይገለጣል። እዚህ ከተማ ውስጥ ሁለት ዙር ነድቶ «ምንም የለውም» የሚል መካኒክ ስለዚህ ሊያገኘው አይችልም።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። የሚያፈስ መኪና ከታች ጀምሮ ሰነፍ ነው፤ ቱርቦው ዘግይቶ ይነሣል። ግፊት የበዛበት ግን ከታች ይፈጥናል፣ ከላይ ይቆረጣል። ስካነር ካለ ኮዱ ይናገራል፦ ፒ0299 የግፊት ማነስ፣ ፒ0234 የግፊት መብዛት ነው። ያም ሆኖ የግፊት ጌጅ ገጥሞ ዙሩ ሲወጣ መርፌው ባለበት ይቆም ወይም ይሸሽ እንደሆነ ማየትን የሚተካ የለም። ማርሚታ ለማስቀየር ገንዘብ አውጥቶ ለጌጅ የሚሰስት ሰው ያሳዝነኛል። በናፍጣ ፒካፖች ላይ፣ ተርባይናቸው የሚንቀሳቀስ ቅጠል ካለው፣ የቅጠሎቹን መያዝና የቫኪዩም ቱቦዎችን አስቀድሞ መፈተሽ ነው።

መፍትሔው በመጀመሪያ የዌስትጌቱን ቱቦ ማየት ነው፤ በሥራ ላይ ተነቅሎ ከሆነ በሩ ጭራሽ አይከፈትም። ቱቦው ደህና ከሆነ ቱርቦው ይወርድና የበሩ ቀዳዳ በጥንቃቄ ይሰፋል፣ ክዳኑም በሚበልጥ ይተካል፤ ካልሆነ ከውጭ ትልቅ ዌስትጌት ይገጠማል፤ ወይም ጠበብ ወዳለ ቱቦ ይመለሳል። የወጣቱን መኪና ቀዳዳ አሰፋንለት። የኮምፒውተሩን ገደብ በሶፍትዌር ከፍ አድርጎ መገላገል ግን አይገባም፤ የሚበዛውን አየር የሚመጥን ነዳጅ ካልደረሰ ፒስቶን ይቀልጣል። ከጥገናው በኋላም ፈተናው በቀለበት መንገድ አይበቃም፤ ጌጁን እያዩ እስከ አዋሽ መውረድ ያስፈልጋል።