ከከተማው አልወጣም ያለው ዳቦ ቤት

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ዳቦ ቤት የገባ ደንበኛ ሻጭ እስኪያነሣለት አይጠብቅም። በሩ አጠገብ ከተደረደረው ትሪና መቆንጠጫ ይወስድና በመደርደሪያዎቹ መካከል እየዞረ ያሻውን ይለቅማል። ሂሳብ የሚከፍለው መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዳቦ ቤትና ኬክ ቤት ተብሎ የሚለየው እዚያ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛል። ከቦሎቄ ዘር የሆነች ትንሽ ቀይ ጥራጥሬ በስኳር ተቀቅላና ተጨፍልቃ የገባችበት ለስላሳ ዳቦ፣ አናቱ ላይ የዱቄት፣ የቅቤና የስኳር ፍርፋሪ የተጋገረበት «ሶቦሮ»፣ ጨው የተነሰነሰበት የቅቤ ዳቦና የክሬም ኬክ ጎን ለጎን ይደረደራሉ።

በዚህ ገበያ በስፋት የሚታወቁት ሁለት ስሞች ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1988 የመጀመሪያ ሱቁን ሴኡል ላይ የከፈተው ፓሪስ ባጌት ሲሆን ሌላው በ1997 የተከተለው ቱ ሌ ዡር ነው። ስማቸው ፈረንሳይኛ ይሁን እንጂ ባለቤቶቻቸው የአገሩ ኩባንያዎች ናቸው። ሱቆቻቸውም በሺዎች ይቆጠራሉ።

ይሁንና በ2023 ሁለቱንም በትርፍ የበለጣቸው ሱቆቹ ዴጆን ከተማ ውስጥ ብቻ ያሉት ሶንግሺምዳንግ የተባለ ዳቦ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ሽያጩ 124.3 ቢሊዮን ዎን፣ የሥራ ትርፉ 31.5 ቢሊዮን ዎን ነበር። የፓሪስ ባጌት ባለቤት የሆነው ኩባንያ ያገኘው የሥራ ትርፍ 19.9 ቢሊዮን ሲሆን፣ የቱ ሌ ዡር ባለቤት ደግሞ የውጭ አገር ኩባንያዎቹ ሳይደመሩ 21.4 ቢሊዮን አግኝቷል። በ2024 የሶንግሺምዳንግ ሽያጭ ወደ 193.7 ቢሊዮን ዎን፣ ማለትም በጊዜው ምንዛሪ ወደ 140 ሚሊዮን ዶላር አደገ። ትርፉም 47.8 ቢሊዮን ደረሰ። ከመቶ ዎን ሽያጭ ሩብ ያህሉ ትርፍ ሆነ ማለት ነው።

የቤቱ አጀማመር ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። መሥራቹ አቶ ኢም ጊል ሱን፣ የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ በኋላ በዘመተበት የኮሪያ ጦርነት፣ በ1950 መጨረሻ ከሰሜን ከሁንግናም ወደብ በመርከብ የሸሹ ስደተኛ ነበሩ። በ1956 ከቤተ ክርስቲያን ባገኙት ሁለት ጆንያ የእርዳታ ዱቄት ዴጆን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ መሸጥ ጀመሩ። ከሚሠሩትም ለድሆች ያካፍሉ ነበር። ዛሬም ሳይሸጥ ያደረ ዳቦ ለችግረኞች ይሰጣል። ቤቱን ያስጠራው ቀይ ጥራጥሬ በውስጡ ያለው የተጠበሰ ሶቦሮ ሲሆን በ1980 የተፈጠረ ነው። በ2024 የአንዱ ዋጋ ከ2 ሺህ ዎን በታች ነበር።

በርካሽ እየሸጠ ይህን ያህል ማትረፍ የቻለው እንዴት ነው? በሰንሰለት የተያያዙት ሱቆች አብዛኞቹ ስሙን የተዋዋሉ ነጋዴዎች ናቸው። ትርፉን ኩባንያውና ባለሱቁ ይካፈሉታል። ማጓጓዣው፣ ማስታወቂያውና የየሠፈሩ ኪራይም ከዚያው ይወጣል። ሶንግሺምዳንግ ግን ሱቆቹ የራሱ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት አንድ ከተማ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ስለማይገኝም ገዢው ራሱ ወደ እርሱ ይመጣል። ሴኡል ላይ በፈጣኑ ባቡር የተሳፈረ ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ዴጆን ይደርሳል፤ ዳቦውን በካርቶን ይዞ ይመለሳል።

የዚህ አሠራር ጥንካሬ የተፈተነው በ2024 በባቡር ጣቢያው ሱቅ ኪራይ ነው። ቤቱ ለጣቢያው ሱቅ በወር 100 ሚሊዮን ዎን ገደማ ይከፍል ነበር። ውሉ ሲያልቅ አከራዩ፣ የምድር ባቡሩ የንግድ ድርጅት፣ ኪራዩ ከሽያጭ 17 ከመቶ እንዲሆን ጠየቀ። የሱቁ ሽያጭ በወር ወደ 2.6 ቢሊዮን ዎን ስለነበር ሂሳቡ 440 ሚሊዮን መጣ። ዳቦ ቤቱ ይህን ከምከፍል ሱቁን እለቃለሁ አለ።

አከራዩ ሱቁን ለጨረታ አቀረበ። በተጠየቀው ዋጋ የሚወስድ አልተገኘም። መነሻው ቢቀነስም ጨረታው አምስት ጊዜ ያለ አሸናፊ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 440 ሚሊዮን የተሰላው ከሶንግሺምዳንግ ሽያጭ ነው፤ ያ ሽያጭ ደግሞ ከቦታው ጋር ለሌላ ነጋዴ የሚተላለፍ አይደለም። በመስከረም 2024 በስድስተኛው ጨረታ መነሻው ወደ 133 ሚሊዮን ዎን ሲወርድ ዳቦ ቤቱ አሸንፎ ሱቁን ያዘ።

ለነጋዴ ትምህርቱ ኪራይ አለመጨመሩ አይደለም፤ በሦስተኛ ያህል ጨምሯልና። ሌላ ቤት ቢሆን በአራት እጥፍ ጭማሪ ሱቁን ይለቅ ወይም የዳቦውን ዋጋ ይሰቅል ነበር። ሶንግሺምዳንግ ግን ሰው ጣቢያው ስላለ ሳይሆን ዳቦው ስላለ እንደሚመጣ ስላወቀ መደራደር ቻለ። አሁንም የተጠበሰውን ሶቦሮ ከሱቁ ትኩሱን መብላት የፈለገ ሰው ወደ ዴጆን መሄድ አለበት።